ደም የሸፈነው ደንብ

የሥራ መሣሪያ ነጋዴው ጭንቅላት እንደ ሐብሐብ ተፈርክሶ የቢሮ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። ደሙ ጣሪያ ደርሷል፤ ዕድሜ ልኩን በሬ ሲያርድ የኖረ ሰው ቢያየው ሙያውን እርግፍ አድርጎ ይተው ነበር። የተመታበት መዶሻ እግሩ ሥር ወድቋል። ስክሪኑ ላይ፣ ለሱቁ ድረ ገጽ ያዘጋጀው የ«ደንቦችና ሁኔታዎች» ገጽ እንደተከፈተ ነው። ገና አልተለጠፈም። መሃሉን የረጋ ደም ሸፍኖታል።

«ገዳዩ ተይዟል» አለ ፖሊሱ፣ አንድ ዓይናውን በያጅ በካቴና እየጎተተ። በያጁ የሟች ሚስት ታናሽ ወንድም ነው። ዓይኑን ያፈሰሰው ከዚሁ ሱቅ የገዛው የብረት መቁረጫ ተሰባብሮ ነው። ካሣ ሲከለከል «እገድልሃለሁ!» ማለቱን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

መርማሪዋን ጭልፊት ይሏታል። የዝንብ ሐሳብ ታነባለች ቢባል ያንስባት እንደሆን እንጂ አይበዛባትም። መጀመሪያ የድረ ገጽ ሠሪውን ያዘች።

«ገጹን አንተ ነህ የጻፍከው?»

«ከሌላ ሱቅ ገልብጬ ነዋ! ማን ያነበዋል ብለው ነው? ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ‹ተስማምቻለሁ› ነው የሚለው። መሃሉን ግን ሟቹ ‹እኔ እሞላዋለሁ› ብሎ ትናንት ማታ አባረረኝ።»

ወደ ሚስትየው ዞረች። «እርስዎስ?»

«ትናንት ጠዋት ከቤት ከወጣ ወዲህ ድምፁንም አልሰማሁ። ዛሬ መጥቼ ከበሩ ላይ አየሁትና ጮኽኩ። ወንድሜን ልቀቁልኝ! አፉ እንጂ እጁ ክፉ አይደለም።»

«ቂም ነበረው እኮ።»

«ታዲያስ! ‹ለጠፋ ዓይን አንጠየቅም› ብሎ ደንብ በሚያወጣ ሰው ላይ ማን ቂም አይዝም?»

የቦታው ፎቶ ከተነሣ በኋላ ጭልፊት ሁሉንም ስክሪኑ ፊት ሰበሰበችና ደሙን በጨርቅ ጠረገችው። ከሥሩ «መሣሪያዎቻችን ለሚያደርሱት የዓይን ጉዳት አንጠየቅም፤ ቀድሞ ለተሸጡትም ጭምር» የሚል ወጣ።

«ይህን ሠሪው አልጻፈውም» አለች። «ስላልተለጠፈም ሌላ ቦታ አይነበብም። ደሙ ከተረጨ ወዲህ እዚህም ማንም አላየውም። ያነበበው ሰው መዶሻው ከማረፉ በፊት እዚህ ቆሞ ነበር። እመቤቴ፣ እርስዎ ቃሉን ያውቁታል። ወይ ራስዎ አንብበውታል፣ ወይ ወንድምዎ አንብቦ ነግሮዎታል። እሱ ከሆነ ካቴናው ይቆይ።»

ሚስትየው የወንድሟን እጆች አየች።

«ፍቱት» አለች። «ማታ መጥቼ ካሣውን እንዲሰጠው ለመንኩት። ገጹን እያሳየኝ ሳቀብኝ። መዶሻው አጠገቤ ነበር።»

በያጁ ወደ እሷ ዞረ። «እታለም! ለአንድ ዓይን ብለሽ?»

«እኔ ሳሳድግህ ሁለት ነበሩ» አለችና እጆቿን ለካቴናው ዘረጋች።