አሥር ዓመት ያለፈው ይቃጠላል

አምሳ አለቃ ሰገነት ያን የሕፃናት ማሳደጊያ በር ላለማየት ስትል ስምንት ዓመት ሙሉ መንገድ ታዞር ነበር። ያደገችው እዚያ ነው። በቀይ ሽብሩ ሰሞን «የማን ልጅ እንደሆንሁ መዝገቤን አሳዩኝ» ብላ ብትሄድ፣ የመዝገብ ቤቱ ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ቀና ብለው እንኳ ሳያይዋት፣ «ልጅ ከወጣ አሥር ዓመት ካለፈው መዝገቡ ይቃጠላል፤ ያንቺም ተቃጥሏል» አሏት። ከዚያ ወዲህ የእናት ስም በሚጠይቅ ወረቀት ሁሉ ላይ ሰረዝ ታሰምራለች። በዓመት በዓል ተረኛ የምትሆነውም ራሷ ጠይቃ ነው፤ የሚጠብቃት ቤት የለማ።

በ1978 ዓ.ም. አንድ የኅዳር ማለዳ ግን በዚያው በር ገባች። ጋሽ ወልደ ሐዋርያት ከግቢው ጀርባ፣ ጣና ዳር፣ ቄጠማው ውስጥ ሞተው ተገኝተዋል። ስምንት ዓመት የተቀየመቻቸው ሰው እንዲህ ትንሽ መሆናቸውን አስባው አታውቅም።

«ማለዳ ማለዳ በታንኳ ወጥተው ዓሣ ያጠምዳሉ» አላት ጥበቃው አዘዘ። «ወድቀው ነው።»

«ታንኳዋስ?»

«ያቻትና፣ ሾላው ላይ ተደግፋ። ማንም አልነካትም።»

የደንገሏ ታንኳ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ውኃው ከሥሯ ይንጠባጠባል። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ የሐይቅ ዳር ሰው ከታንኳው ሲወርድ አቁሞ ያንጠፈጥፈዋል፣ አለዚያ ይበሰብስበታል። ሰገነት የሟቹን የተጨበጠ እጅ ፈልቅቃ አየች። ከታንኳዋ ጠርዝ የተነጨ ደንገል ነበረበት።

ትንሿን ታንኳ ጎትታ ግማሽ ጎኗን ውኃ ውስጥ አጋደመቻት። ከዚያ በግቢው ያደሩትን ሦስት ሰዎች በየተራ እዚያው ጠራቻቸው።

አዘዘ ታንኳዋን ተራምዷት አለፈ። «የመራዊ ሰው ነኝ እቴ፤ እኔና ውኃ አልተዋወቅንም።»

ሞግዚቷ እትዬ ሸጊቱ ተቀመጡባት። «ዛሬ ነው የምትመጪ? ሰውዬው ከሞተ? ኩርፊያሽ እንደ ልጅነትሽ ነው።»

«የተጣሉት ሰው ነበር?»

«እሱ? ከዝንብ ጋር አይጣላ። ብቻ ይኸ አዲሱ ኃላፊ ከመጣ ወዲህ ‹የድሮው መዝገብ በእርግጥ ተቃጥሏል ወይ?› እያለ ያስጨንቀው ነበር።»

በመጨረሻ ኃላፊው ጓድ አካሉ መጣ። «የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ ሐይቁን ከዳር ሆኜ ነው የማየው» አለ። «ሽማግሌ ናቸው፣ ሚዛናቸውን ስተው ወደቁ። ምኑ ያጠራጥራል?» ይህን እየተናገረ ጎንበስ አለ፤ ታንኳዋን ከውኃው ሳባት፤ በትከሻው አነሣት፤ ሾላው ላይ አስደግፎ እጁን አራገፈ።

ሰገነት ሁለት ፖሊሶች አስጠራች፤ ሦስቱንም ከሾላው ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ሟቹ ደንገል ጨብጠዋል» አለች። «ስለዚህ ውኃ ውስጥ ሆነው ታንኳዋን ይዘው ነበር። አንድ ሰው እጃቸውን አስለቀቃቸው። እሳቸው ሰመጡ፤ ታንኳዋ ግን ተመልሳ ቆመች። የሰመጠ ሰው ታንኳ አያቆምም፤ ውኃ የማያውቅ ሰውም ጥሏት ነው የሚሄድ። ቅድም አጋድሜ ጠበቅኋችሁ። አዘዘ ተራመዳት። እትዬ ሸጊቱ ተቀመጡባት። ጓድ አካሉ፣ እርስዎ ግን ሳያስቡት አቆሟት። አዲስ አበባ የትኛው ሰፈር ነው ታንኳ ማቆም የሚያስተምር?»

አዘዘ ሳቁ አመለጠው።

«የእጅ ልማድ ማስረጃ ሆነና!» አለ አካሉ።

እትዬ ሸጊቱ ተነሡ። ከልጆቹ መኝታ ቤት አንድ ፍራሽ ጎትተው አመጡና ስፌቱን በቢላ ተረተሩት። ጭድ አልወጣም። መዝገብ ወጣ።

«ወልደ ሐዋርያት በየዓመቱ ሲያቃጥል ያያችሁት አሮጌ ጋዜጣ ነው» አሉ። «መዝገቡን እኔ ፍራሽ ውስጥ ሰፋሁት። ትናንት ‹የአካሉንም አግኝቸዋለሁ፤ መልኩ ተለውጦ አላወቅነውም እንጂ እዚሁ ያደገ ልጃችን ነው፤ ነገ ነግሬ ላስደስተው› ብሎኝ ነበር።»

አካሉ ወረቀቶቹን አይቶ ሾላው ሥር ቁጭ አለ።

«ታንኳው ላይ ‹አባትህን ላሳይህ› አለኝ» አለ። «የጭሰኛ ልጅ ነኝ ብዬ ነው እዚህ የደረስኩት። አባቴ የደልጊ ባላባት እንደነበር ከታወቀ አለቀልኝ! አሥር ዓመት አልፎታል እኮ፤ መቃጠል ነበረበት!»

«እኔም ይህንኑ ነበር የተባልሁት» አለች ሰገነት።

ፖሊሶቹ ይዘውት ከሄዱ በኋላ ሸጊቱ በመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ያለውን ፍራሽ ፈቱ። «ያንቺ ይኸውልሽ። ያን ጊዜ ወልደ ሐዋርያት አንድ ካድሬ አጠገቡ ቆሞበት ነበርና ፈራ። ደግመሽ ስትመጪ ሊሰጥሽ ጠበቀ። አልመጣሽም።»

ሰገነት ገልጣ የእናት ስም የሚለውን መስመር አነበበች። ከዚያ ፍራሾቹን በሙሉ ኤግዚቢት ብላ መዘገበቻቸውና ክፍሉን አሸገችው፤ ፍርድ ቤት ሳያዝ ማንም እሳት እንዳያስጠጋባቸው። የራሷንም መዝገብ ከሌላው ጋር መለሰችው፤ አንዱን መስመር ብቻ በቃሏ ይዛ።

በገና ዋዜማ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ ጠየቀች። ከማሳደጊያው ጓሮ ሆና በልጅነቷ ሁሉ ታየው ወደነበረው ዘጌ የሚሻገረው ጀልባ ሊነሣ ሲል ደረሰች።

«ማን ዘንድ ነው?» አላት ቲኬት ቆራጩ።

«ወለተ ሩፋኤል ዘንድ።»

«ወለተ ሩፋኤል እዚያ ስንት አለች! የትኛዋ?»

«የሰገነት እናት» አለችውና ጀልባው ላይ ወጣች።