አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር

«ስክሪኑ ተሰብሯል። ማዳም ለዛሬ ትፈልገዋለች» አለች ዘኪያ።

ለሚን ስልኩን ተቀበላት። በዚህ የዓረብ አገር ለሳልሚያ ሰፈር ሰው ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ለእሷ ግን መልእክቷን ወደ አገር ቤት የሚያሻግር ሰላይ። ከሽፋኑ ሥር ካርታው ያለባትን ሚሞሪ ካርድ በጥፍሩ ፈልቅቆ አወጣ።

«ካርታውን የሠራው ማነው?»

አሻጋሪ ብቻ ነውና መጠየቅ አልነበረበትም።

«ስሙ ላዩ ላይ አለ» ብላው ወጣች።

ዘኪያ ጃብሪያ ሰፈር፣ በሳሊም ቪላ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ሆና ከገባች አምስት ወሯ ነው። ሳሊም ወደ አገሯ በድብቅ መሣሪያ የሚያስገባ ነጋዴ ነው። የመሣሪያውን መጋዘን ያገኘችው ልጁ ሒባ ናት፤ ያውም ሳታውቀው። ሒባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊያዊ መረጃ ሳይንስ ትማራለች። ለመመረቂያዋ የበረሃውን የሳተላይት ምስል ከአሮጌ ካርታ ጋር ስታስተያይ፣ ካርታው የማያውቀው ሕንፃ አይታ ነጥብ አደረገችበት።

ዘኪያም ይህንኑ ትምህርት ሁለት ዓመት ተምራለች። የስለላ መሥሪያ ቤቱ ከክፍል አውጥቶ ወሰዳት እንጂ። አሁን የሒባን ቀሚስ እየተኮሰች፣ «ሁለቱ ካርታዎች አልገጥም አሉኝ» ብላ ሒባ ለጓደኛዋ በስልክ ስትነጫነጭ ትሰማለች። የተለኩበት ሥርዓት ስለተለያየ ነው። ዘኪያ ታውቀዋለች። ምላሷን ነክሳ ትተኩሳለች። ቅናት እንደ ቃር ያቃጥላታል።

ለሚንን ከጠረጠረችው ሰንብታለች። ከሒባ ላፕቶፕ ቀድታ ለእሱ በሰጠችው ቅጂ ላይ ነጥቡን አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ገፍታዋለች። እውነተኛው በሌላዋ መልእክተኛ፣ በሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛዋ በውቤ በኩል ሄዷል። የሒባን ስም ከሁለቱም ማጥፋት ትችል ነበር። አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ።

አልተጫነችም።

ከሰዓት በኋላ ሳሊም ካርታውን አሳትሞ፣ በስልክ እየሳቀ ገባ።

«ቦታው ስህተት ነው፤ ዕቃው አይነቃነቅም። ያወጣውን ሰው ነገ ትነግረኛለህ? እሺ፣ ነገ።»

ስህተቱ ያለው ለሚን እጅ በገባው ቅጂ ላይ ብቻ ነው፤ ለሚን ሸጧታል። የቀራት አንድ ሌሊት ነው።

ሳሊም ካርታው ላይ ያለውን ስም እያሳየ ወደ ልጁ ዞረ። «ይህን ለማን ሰጠሽ?»

«ለማንም! ባባ፣ ነጥቡም የኔ አይደለም። ሰው አንቀሳቅሶታል፤ ተመልከት፣ እውነተኛው...»

ሻይ ይዛ የገባችው ዘኪያ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ሒባ አንድ ቃል ብትጨምር ዕቃው ይሸሻል፤ አለቀ።

«ዝም በይ!» ሳሊም የሒባን ላፕቶፕ ከወለሉ ጋር አላተመው። «ከነገ ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ የለም!»

ዘኪያን ደስ አላት። ለአንድ እስትንፋስ ያህል። ሒባ ተንበርክካ ስብርባሪውን ስትለቅም ስታይ ግን ደስታው በነነ።

በውቤ በኩል በሄደው ነጥብ፣ ጎህ ሲቀድ ፖሊስ መጋዘኑን ያዘ። ለሚንንም ስሟን ሳይናገር ከሱቁ አወጣው። ሳሊም ከአልጋው ሳይወርድ ዘኪያ ቆሻሻ ልትጥል ወጣች፤ አልተመለሰችም።

ቦሌ ላይ፣ ተመላሾችን የሚመዘግበው ሰው ቀና ብሎም አላያትም።

«ስም?»

«ነፊሳ» አለች ዘኪያ፤ ፓስፖርቷ ላይ የተጻፈው እሱ ነው።

«ትምህርት?»

የሁለት ዓመቱ ክፍል ትዝ አላት። ከኋላዋ ያለችው ሴት በሻንጣዋ ገፋ አደረገቻት።

«አልተማርኩም» አለች፤ ሻንጣ ከሚጎትቱት ሴቶች ጋር ተቀላቅላ ወጣች።