የመጀመሪያዋ ገዢ

«ስንት ትይኛለሽ?» አሉ አሮጌ ልብስ ሻጯ አደይ ኣስካል፣ የሚጠግኑትን ጃኬት ክር በጥርሳቸው እየበጠሱ።

ዳግማዊት አሮጌውን ካሜራ በሁለት እጇ ይዛ ከፊታቸው ቁጢጥ ብላለች። «ሁለት መቶ ብር» አለች። «ከዚያች መስታወት ጋር።»

መስታወት ያለችው ሌንሱን ነው። ስሙ ጠፍቷት አይደለም፤ ሌንስ ብላ ብትጠራው ሴትየዋ እንዳይባንኑ ፈርታ ነው። ሌንሱ ከካሜራው ከተፈታ ቆይቷል። አደይ ኣስካል በላስቲክ ከሻሻቸው ጋር አስረውት፣ እንደ ሰዓት ሠሪ ቀኝ ዓይናቸው ላይ አውርደው መርፌ ውስጥ ክር ያስገቡበታል። ቤት ለቤት አሮጌ ዕቃ የሚሰበስቡ ልዋጮች ከሌላ ዕቃ ጋር ቀላቅለው ያመጡላቸው ዕለት «ግማሹ የጠፋ መነጽር ነው» ብለው ደመደሙ፤ በዚያው ጸና።

አሁን ሌንሱን በጣታቸው ነካ አደረጉ። ከዚያ ላስቲኩን ፈትተው መዳፏ ላይ አስቀመጡላት።

«ውሰጂ፣ ጓለይ፣ ልጄ። የመጀመሪያ ገበያ አይመለስም።»

ሕጋቸው ነው። የማለዳ የመጀመሪያ ገዢ የጠራውን ዋጋ አይመልሱም፤ መመለስ የቀኑን ሲሳይ መመለስ ነው ይላሉ። ዳግማዊት ደግሞ እጇ ቀና ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንዲት የልብስ ቁልፍ ገዝታቸው፣ እኩለ ቀን ሳይሞላ ግማሹ ልብስ ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይጠብቋታል። ቁልፍ ወይም የቀበቶ ዘለበት ትገዛለች፤ ከዚያ እዚያው ሓድነት ሰፈር መንገድ ዳር፣ በተገለበጠ ሳጥን ላይ እስከ ስድስት ሰዓት ትቀመጣለች። ያን ሕግ በእሳቸው ላይ እንደምትጠቀምበት ግን እሷም ራሷ እስከዚያ ጠዋት ድረስ አላሰበችም ነበር።

መቀሌ ከገባች ስድስት ወሯ ነው። አባቷ አቶ ሽመልስ የመሥሪያ ቤት ዝውውር ደርሷቸው ከደሴ ሲመጡ እሷን ይዘው መጡ፤ እናቷ የታመሙ አያቷን ለማስታመም ቀሩ። ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ሲሆኑ ደህና ነው፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሁሉም እኩል ይደናበራል። ደወል ሲደወል ግን ሁሉም ወደ ትግርኛው ይገባል፣ እሷ ደጅ ትቀራለች። ልጆቹ ክፉ አይደሉም፤ «ነይ ተቀመጪ» ይሏታል። ቀልድ ሲያወሩ አንዷ ትተረጉምላታለች። ተተርጉሞ እስኪደርሳት ግን ሳቁ አልቆ ሰው ሌላ ወሬ ይጀምራል። ብቻዋን መሳቅ ሰለቻት። ማታ ማታ በአባቷ ስልክ፣ በሩቅ አገር አሮጌ ዕቃ ተራ ውስጥ ውድ ካሜራ የሚያገኙ ሰዎችን ቪዲዮ ታያለች። የአደይ ኣስካል ካሜራ ውድ መሆኑን ያወቀችውም በዚያ ነው።

ካሜራውን የገዛችበት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ዓዲ ሓቂ ሰፈር፣ ፍትዊ ዘንድ ሄደች። ፍትዊ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ የትምህርት ቤታቸውን መታወቂያ ፎቶ ያነሣው እሱ ነበር። ካሜራውን አገላብጦ አየ፤ ሌንሱን ገጥሞ አጠበቀ፤ መዝጊያውን ቀጭ አደረገና ጆሮው ላይ አስጠጋው።

«አቦ! ከየት አባሽ አመጣሽው? ጀርመን የተሠራ ነው እኮ! አዲስ አበባ የሚሰበስብ ጓደኛ አለኝ፣ ዛሬ ብደውልለት ስልሳ ሺህ ብር ይላል።»

«አልሸጠውም።»

«እንዳትሸጪው! ሻጩ አልባነነም?»

«አልባነኑም።»

«ነቄ ነሽ!» አለና ሳቀ። «የሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ነይ። ካሜራ ያለን ልጆች እየተሰበሰብን ከተማውን እንዞራለን። ፊልም አለኝ፣ እሰጥሻለሁ።»

በስድስት ወር ውስጥ «ነይ» ሲሏት ከልብ የመሰላት ይህ የመጀመሪያው ነበር። ወደ ቤት ስትመለስ ካሜራውን እንደ ጫጩት ሹራቧ ውስጥ ሸጉጣ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደ ልማዷ ሓድነት ሄደች። አደይ ኣስካል መርፌና ክር ይዘው ይታገላሉ። ክሩን በምራቃቸው አራሱት፣ ሳቱት፤ ደግመው አራሱት፣ ሳቱት። ዳግማዊትን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ከመይ ሓዲርኪ፣ ጓለይ! ነይ እስቲ ዓይን አውሺኝ።»

ሰባት መርፌ ላይ ክር አስገባችላቸው። ሁሉንም ደረታቸው ላይ ተርታውን ሰኩት። «እስከ ማክሰኞ ያደርሰኛል» አሉ። «ከዚያ መንገደኛ እለምናለሁ። ያ ነገር ግን ይሠራል?»

«አይሠራም» አለች ቶሎ ብላ። «ለጌጥ ነው።»

«ጽቡቕ፣ ጌጥም ደግ ነው። እናት የሌለችበት ቤት ባዶ ነው፤ ግድግዳውን ይሞላልሻል።»

ዳግማዊት ቁልፍ ገዝታ፣ የቤት ሥራ አለብኝ ብላ በሦስት ሰዓት ተነሣች። መንገድ ላይ ራሷን ልታሳምን ሞከረች፤ አልሰረቅሁም፣ ዋጋ ጠራሁ፣ እሳቸውም ተስማሙ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እሁድ ከፍትዊ ጓደኞች ጋር ተገናኘች። አምስት ናቸው። ካሜራዋን እየተቀባበሉ አደነቁት፤ ፊርዶስ የምትባለው ልጅ አጠገቧ እንድትሄድ እጇን ያዘቻት። ደስ አላት፣ አይካድም። ሻይ ሊጠጡ ሲቀመጡ ፍትዊ «ታሪኩን ንገሪያቸው» አላት። ነገረቻቸው። ስለ ላስቲኩ፣ ስለ ሻሹ፣ ግማሹ ስለጠፋው መነጽር፣ ስለ ሁለት መቶ ብሩ። ፍትዊ ተቀብሎ በትግርኛ አሳምሮ ደገመው፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገቡትን አሮጊት ሆኖ ሲያሳይ ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ።

ያን ቀን ቀልዱን ማንም አልተረጎመላትም። ቀልዱ የራሷ ነበር። ሻይዋን ሳትጨርስ ብርጭቆውን ገፋ አደረገችው።

ሳምንቱ አላልቅ አላት። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ሰባቱ መርፌ ትዝ አላት።

ቅዳሜ ከሁለት ሰዓት በፊት ሓድነት ደረሰች፤ ግን መንገዱን አልተሻገረችም። ካሜራውን በቦርሳዋ ይዛ ከሚኒባስ መጠበቂያው ሰው ኋላ ቆመች። አደይ ኣስካል ሸራቸውን ዘርግተው፣ ልብሱን ደርድረው፣ መንገዱን ወዲያና ወዲህ ያያሉ። አንድ ሰውዬ ቀርቦ ቀበቶ አነሣ። ሴትየዋ እጃቸውን አወዛወዙ። ድምፃቸው ከመንገዱ ማዶ ይሰማል።

«ቆይ፣ በጃኻ! ገበያ የምትከፍትልኝ ልጅ አለች። አሁን ትመጣለች።»

ዳግማዊት ከአንዲት ሴት ጃንጥላ ኋላ ተደበቀች። ውሰደው ይበሉት እባክዎ፣ አለች በሆዷ፣ ይሽጡለት። ሰውዬው ተነጫነጨ፤ ሊሄድም ሁለት እርምጃ ራመደ። አደይ ኣስካል አንዴ ደግመው መንገዱን አዩ። ከዚያ እየከፋቸው ጠሩት። የጠራውን ዋጋ ሳይመልሱ ብሩን ተቀበሉ፣ ስመው ግንባራቸውን አስነኩት።

ያን ጊዜ ተሻገረች።

«ዘገየሽ!» አሉ ተቆጥተው። «አሟት ይሆን ብዬ ልቤ ወለቀ። ይኸው ሌላ ሰው ከፈተው።»

«አውቄ ነው፣ አደይ።» ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ከፍታ ካሜራውን ሸራው ላይ፣ በእሳቸው በኩል አኖረችው። ከነሌንሱ፣ ከነላስቲኩ። «ከሁለተኛ ገዢ ጋር ዋጋ ይመልሳሉ፣ አይደል?»

«እወ፣ ከሁለተኛው ጋርማ እስኪመሽ እንከራከራለን። ምነው?»

ዳግማዊት እጇን ዘርግታ መርፌውንና ክሩን ከጣታቸው ተቀበለች። መጀመሪያ ሳተችው። ሁለተኛው ላይ ክሩ ገባ።

«እንግዲያው ልንገርዎ» አለች ሌንሱን በጣቷ እየነካች። «ይሄ መስታወት አይደለም።»