በርበሬ የሸተተው ምንሽር

«እጥሽ!»

ድምፁ የመጣው አስከሬኑ ካለበት ክፍል ነው። ግቢው ውስጥ የቆመች አንዲት ጎረቤት በልማድ «ይማርህ!» ካለች በኋላ ደንግጣ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ያስነጠሰው የፖሊስ መርማሪው መቶ አለቃ ሚደቅሳ ነበር። የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኙ አቶ ሃረጎት ደረቱን በጥይት ተመቶ ተዘርሯል። መርማሪው አጠገቡ የወደቀውን ምንሽር ሲመረምር ነው አፍንጫውን የቆጠቆጠው።

«ምንሽሩን በአሰሳው ጊዜ አስረክቧል፣ ጌታዬ!» አለች ሚስቱ ብርክቲ። «እኔው ራሴ አብሬው ሄጃለሁ። ልጄን ሊረሽኑብኝ ነው!»

የቀበሌው ሊቀ መንበር ሸዋንግዛው ተቆጣ። «ውሸት! ደብቆት ኖሯል። በደበቀው መሣሪያ ልጁ ካሕሳይ ገደለው። ዛሬውኑ አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድበታል።»

«ሟቹ በትናንቱ ስብሰባ ምን ተናገረ?» ሲል ሚደቅሳ ጠየቀ።

የአብዮት ጥበቃው ኦልጅራ መሬት መሬት እያየ መለሰ። «‹መሣሪያችንን ከወሰዳችሁ ወዲህ ዝርፊያው ባሰ። በጠመንጃ የሚዘርፈን ማነው? ጠመንጃስ ያለው ማነው?› አለ።»

ሚደቅሳ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበ። ካሕሳይ የፊጥኝ እንደታሰረ ነው።

«ሰደፉ ላይ የተቀረጸውን ስም ተራ በተራ አንብቡልኝ።»

መጀመሪያ የተጠራው ሸዋንግዛው ምንሽሩን ከፊቱ አርቆ፣ ትንፋሹን ውጦ አነበበና መለሰው። ብርክቲ ግን ጠጋ ብላ «ሃረጎት» ስትል አስነጠሳት። ካሕሳይንም አስነጠሰው፤ ኦልጅራንም።

«ገና ማንም ሳያስነጥስ፣ እንደሚያስነጥስ ማን ነገረዎት፣ ጓድ ሊቀ መንበር?»

«ምን?»

«የሰደፉን ስንጥቅ በርበሬ ሞልቶታል። የሰበሰባችሁትን መሣሪያ ያከማቻችሁት ጌጃ ሰፈር፣ በወረሳችሁት የበርበሬ ወፍጮ ቤት ነው። ስለዚህ ሃረጎት አልደበቀም፤ ምንሽሩ ከመጋዘን ወጥቷል። ኦልጅራ የራሱ ጠመንጃ አለው፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ግን የለውም። ቁልፉ ያንተ አንገት ላይ ነው! ሰው እንዳይገዳደል ብላችሁ ሰበሰባችሁ! ለካ እናንተ ብቻ እንድትዘርፉ፣ እናንተ ብቻ እንድትገድሉ ኖሯል!»

«አድኃሪ!» ጮኸ ሸዋንግዛው። «ኦልጅራ! ልጁንም ይሄንንም ውሰዳቸው!»

ኦልጅራ ወደ ካሕሳይ ተራመደ። ብርክቲ ልጇን ጥምጥም ብላ ያዘችው። ጥበቃው ግን ጎንበስ ብሎ ገመዱን ፈታ። ከዚያ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ጥይቱን አወጣና ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ በሩ ዞረ።

«ወዴት ነው? አንተን እኮ ነው!» ጮኸ ሊቀ መንበሩ።

ኦልጅራ የቆርቆሮውን በር ከፍቶ ወጣ፤ ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚወስደው መንገድ ቁልቁል ሄደ።