ሰማያዊው ክር

ጡረተኛው የባቡር ሹፌር ንጋት ላይ ሞተ፤ ረፋዱ ላይ ገዳዩ ተገኝቶ ነበር። ነርሷ ናት ተባለ። ደሙ ውስጥ የገባው እርሾ መሰል ፈንገስ በእጇ ቆሻሻ የመጣ ነውና ጥፋቷን አምና ትፈርም ተባለ።

«እጄ ይቆረጣል እንጂ አልፈርምም!» አለች።

በሆስፒታል የሚደርስ ሞትን የምታጣራው መርማሪ የደረሰችው ይኼን ጊዜ ነው። ጥያቄ የማያልቅባት ሴት ስለሆነች በየሆስፒታሉ «እትዬ ለምን» ይሏታል። አስከሬኑ ገና አልተነሳም። በደም ሥር ምግብ ይሰጥበት የነበረው ቱቦ አንገቱ ሥር በሰማያዊ ክር እንደተሰፋ ነው። የነርሷን እጆች ገለበጠቻቸው፤ ከመታጠብ ብዛት ተሰነጣጥቀዋል።

«ቆሻሻ እጅ እንዲህ አይሆንም» አለች።

የሟች ልጅ ጥግ ይዛ ታለቅሳለች። «ከቤት ያመጣሽው ሾርባ ነው ያሉኝም አሉ። እኔ ነኝ የገደልኩት?»

«ይበላ ነበር እንዴ?»

«ሙልጭ አድርጎ! ጨምሪልኝ እያለ።»

እትዬ ለምን ወደ ወጣቱ ሐኪም ዞረች። «መድኃኒቱስ?»

«ትክክለኛው የፈንገስ መድኃኒት ነው፤ አንድም ቀን አልተቋረጠም» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

አጠገባቸው የተኛው ጎልማሳ ብርቱካን እየላጠ ያዳምጣል። እሱም አንገቱ ሥር ያው ቱቦ፣ ያው ሰማያዊ ክር አለበት።

ሁሉንም አልጋው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው፤ ጠዋት ከጉባኤ የተመለሰውን የክፍሉን ኃላፊ ጭምር።

«ይህ ፈንገስ ከውጭ የመጣ ሌባ አይደለም» አለች። «በብዙዎቻችን አፍና አንጀት ይኖራል። ሰውየው ሲደክም፣ የተሰጠው አንቲባዮቲክም ተቀናቃኞቹን ባክቴሪያዎች ሲገድልለት ፈንገሱ ደፈረ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ደም ውስጥ ገባና ቱቦው ላይ ተጣበቀ። መድኃኒቱ ደሙን ሲያጸዳ ቱቦው መልሶ ይዘራበታል። ጭቃ የያዘ ጫማ ሳያወልቁ ቤት እንደመጥረግ ነው። በአፉ ለሚበላ ሰው ደግሞ ይህ ቱቦ ምን ይሠራለታል? ለምን አልወጣም?»

«ነርሷ ረስታ ነዋ!» አለ ኃላፊው።

«አንድ ቢሆን መርሳት ነው። እዚህ ሁለት ናቸው፤ ሁለት ሲሆን ሕግ ነው። በሰማያዊ ክር የሚሰፋው ማን ነው?»

ነርሷ ወደ ኃላፊው ጠቆመች። «እሳቸው ናቸው። ‹እኔ ያስገባሁትን ማንም አይነካም› ይላሉ። ይውጣለት ብዬ ለምኛለሁ።»

«ነግራኛለች» አለ ወጣቱ ሐኪም። «ስደውልላቸው ‹እስክመለስ ይቆይ› አሉኝ። ፈራሁ።»

«ይኸው፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» አለች መርማሪዋ። ከዚያ ወደ ሟች ልጅ ዞረች። «የኔ ልጅ፣ ሾርባሽ አልገደለውም። እውነቱን ያወጣልን እሱ ነው።»

የልጅቷ እንባ አሁን ሌላ ሆነ። በኃላፊው ተናደደች።

«በዚህ ክፍል የማዝዘው እኔ ነኝ!» ጮኸ ኃላፊው።

ነርሷ እጇን ታጥባ ጨርሳለች። ብርቱካን ከሚበላው ሰውዬ አጠገብ ቆማ ወጣቱን ሐኪም አየችው። ኃላፊውም አፈጠጠበት።

«አውጪው» አለ ወጣቱ። «ያዘዝኩት እኔ ነኝ። እፈርምበታለሁ።»

ነርሷ መቀሱን አንስታ ሰማያዊውን ክር ቆረጠችው።