ያልደረቀው ሸሚዝ

ሬሳው በታችኛው ማደያ ግቢ፣ መሬት ውስጥ በተቀበረው የቤንዚን ጋን አፍ ላይ ተደፍቶ ተገኘ። ከባዱ የብረት ክዳን ተከፍቶ ገለል ብሏል። የሟቹ አንድ እጅ ወደ ጉድጓዱ ተንጠልጥሏል፤ ሸሚዙ ከአንገቱ እስከ ወገቡ በቤንዚን ርሷል፤ ማጅራቱ ላይ ደም ረግቷል።

ያገኘችው የማደያው ባለቤት ናት፣ በማለዳ ልትከፍት መጥታ። ሰፈሩ «እትዬ ችካል» ይላታል። ቦቴ መጥቶ ነዳጅ ሲያራግፍ፣ ዶፍ ቢወርድ ፀሐይ ቢከር፣ ከጎማው ሥር ተተክላ ትቆማለች፤ ናሙና ቀድታ ሳታይ አንዲት ጠብታ ወደ ጋኗ አታስገባም። ያን ጠዋት ግን ወደ ኋላ አፈገፈገች። የማን ሬሳ እንደሆነ አውቃለቻ!

ሟቹ ባለታክሲ ነው፤ «ሚዛን» ይሉታል። በየማደያው እየዞረ ዋጋ ይጠይቃል፣ ቤንዚኑን መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ያሸታል፣ ከዚያ «ዛሬ እዚህ ቅዱ፣ እዚያ ግን ዝር እንዳትሉ» ሲል ባለታክሲው ሁሉ እንደ በግ ይከተለዋል። በዚያ ሰሞን ምላሱ ያረፈው እሷ ላይ ነበር። «የታችኛው ማደያ ከላይኛው የሚረክሰው ለጽድቅ መሰላችሁ? ነጭ ጋዝ ቢቀየጥበት ነው እንጂ!» አለ። ከዚያ ወዲህ ግቢዋን ዝንብም አልጎበኘው። እሷም አላስቻላት፤ ሰው በተሰበሰበበት «አንተ ውሻ፣ ዳግመኛ ደጄ ብትቆም እግርህን እሰብረዋለሁ!» አለችው። ይህን ያልሰማ አልነበረም። ያልሰማውም ሬሳው ከተገኘ በኋላ ሰማሁ አለ።

ፖሊስ መጣ። አዛዡ ቆፍጣና ወጣት ነው፣ ነገር ቶሎ እንዲያልቅለት የሚወድ። አብሮት የመጣው መርማሪ ግን ፀጉሩ የሳሳ፣ ጫማው የተንሻፈፈ ሰውዬ ነው፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንለትም። ባልደረቦቹ «ቁንጫ» ይሉታል፤ እሱም እንዳልሰማ ያልፋል።

«ክዳኑን ማን ከፈተው?» አላት መርማሪው፣ ጋኑን እየዞረ።

«እኔ ምን አውቄ! ማታ አጥብቄ ዘግቼው ነው የሄድኩ።»

አጎንብሶ ብሎኑን በጣቱ ዳበሰው። የብሎኑ ራስ ሦስት ማዕዘን ነው። «የታገለው የለም፤ ጭረት እንኳ አላየሁበትም። በምንድን ነው የሚፈታው?»

«የራሱ መፍቻ አለው፤ በሌላ እንቢ ይላል።» ከጉያዋ አወጣችው። «የእኔ ይኸው። አንገቴ ላይ አስሬው ነው የምተኛ።»

አዛዡ ሳቀ። «በገዛ አፏ ነገረችህ! ሰውየው ናሙና ሊሰርቅ መጣ፣ ደረሰችበት፣ መታችው። ምን ቀረህ?»

«አንድ ቀን።»

«እስከ ነገ ረፋድ። ከዚያ ወዲያ ሴትየዋ ወደ እስር ቤት፣ ማደያው እስከ ወዲያኛው ይታሸጋል» አለ አዛዡ፤ ለጊዜውም መቅጃዎቹን በሰም አሳተማቸው።

የሰሙ ሽታ አፍንጫዋ ላይ ቀረ። ባሏ ሞቶ፣ ወርቋን ሽጣ ያቆመችው ማደያ ነው። ለመቀመጥ ሞከረች፤ ተነሣች። ጃንጥላዋን ፈለገች፤ በእጇ ነበር።

«እትዬ» አላት መርማሪው፣ «ከዓይኔ እንዳላርቅዎ ታዝዣለሁ። እኔ ደግሞ መቀመጥ አልወድም። ይነሡ፣ አብረን እንዙር።»

«እስረኛ አስከትሎ የሚዞር ፖሊስ ዛሬ አየሁ!»

«እኔም ከመርማሪው ቀድማ የምትራመድ ተጠርጣሪ ዛሬ አየሁ።»

ከመሄዳቸው በፊት መርማሪው፣ ሬሳውን ሊመረምር የመጣው ሐኪም ያወለቀውን ሸሚዝ ተቀብሎ ከማደያው ጀርባ ባለው ሽቦ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ሰቀለው። ሐኪሙ ሰውየው ወድቆ አልሞተም ብሏል፤ ከኋላው በብረት ነገር ተመትቷል።

«ሊያጥቡት ነው?» አለች ነገሩ ግራ ገብቷት።

«ሊደርቅልኝ ነው።»

‹ይሄስ የለየለት ነው› አለች በሆዷ። ነፍሷ የተንጠለጠለችው ደግሞ በዚህ ሰው ነው።

ላይኛው ማደያ ያብረቀርቃል፤ መስታወቱ፣ መብራቱ፣ የቀጂዎቹ ልብስ ሳይቀር። ባለቤቱን «ባለ ክራቫቱ» ይሉታል። ከቢሮው ብቅ ብሎ እሷን ሲያይ ፊቱን አጨማደደ።

«ጌታዬ፣ ይቺን ሴት እዚህ ያመጧት ለምንድን ነው? ደንበኞቼ ይሸሻሉ።»

«ቤንዚን ልገዛ ነው የመጣሁት። ከታችኛው ለምንድን ነው የሚወደደው?»

«ጥራት ነዋ! ሟቹም ሲመሰክርልኝ ነበር። ሁልጊዜ የሚቀዳው ከእኔው ነው።»

«በነጻ ነው እንጂ!» አለች እትዬ ችካል።

ባለ ክራቫቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ ወንጀል አይደለም።»

መርማሪው ጠርሙስ ቤንዚን አስቀዳና ወደ መሬቱ ክዳን ተጠጋ። «ይህን ይክፈቱልኝ።»

«በምን? መፍቻ የለንም። የኛ ከጠፋ ቆየ፤ ቦቴው የየማደያውን ክዳን ሁሉ የሚፈታ የራሱን መፍቻ ይዞ ይመጣል፣ ከፍቶ ያራግፋል፣ ዘግቶ ይሄዳል። እኔ በቤንዚን ልጨማለቅ?»

ቀጂዎቹም ይህንኑ አሉ። መርማሪው ጠርሙሱን ኪሱ ከትቶ መንገድ ጀመረ፤ እሷም ትንፋሿ እየተቆራረጠ ተከተለች።

የሟቹ ቤት ለቀስተኛ ሞልቶታል። የሟቹ ሚስት ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ታላቅ ወንድሟ፣ የቦቴው ሾፌር፣ ትከሻዋን ይዞ ያባብላታል። ለሁለቱም ማደያ ነዳጅ የሚያመጣው እሱ ነው። እትዬ ችካልን ከበር ሲያያት ብድግ አለ።

«ገድላ ደግሞ ለቅሶ ልትደርስ መጣች! ጅብ ለበላው ሊያለቅስ…»

«ተቀመጥ ወንድሜ» አለ መርማሪው፣ ራሱ እንደ ቆመ። «አንተ ሁለቱንም ማደያ ታውቃለህ። የማን ሥራ ይሻላል?»

«የባለ ክራቫቱ ነዋ! ጨዋ ሰው ነው። ሻይ ይልክልኛል፣ በመስኮት እጁን ያነሣል፣ በቃ። ይቺ ግን» አለ በአገጩ እያመለከተ፣ «ገና ቦቴው ሳይቆም በጠርሙስ ትቀዳለች፣ ፀሐይ ላይ ታነሣለች፣ ታሸታለች። ሰው አታምንም!»

«የሚታመነውን አምናለሁ!» አለች።

መርማሪው ወደ ሚስቲቱ ጎንበስ አለ። «እህቴ፣ እግዜር ያጽናሽ። ባልሽ ማታ ሲወጣ እንዴት ነበር?»

«መኪናው ሰሞኑን እንደ ሽማግሌ ያስለዋል። ፈታቶ ሲያየው አመሸ። ከዚያ… ተናዶ ወጣ።»

«ወዴት?»

ወንድሟን አየችው። «አላውቅም» አለች፣ ድምፅዋ እየሰለለ።

ወደ ታችኛው ማደያ ሲመለሱ፣ መቅጃዎቹ ታሽገዋልና፣ መርማሪው ጋኑን በመፍቻዋ አስከፍቶ ከእሷ ቤንዚን ጠርሙስ ቀዳ። ነጭ አንሶላ ቀድዶ ሁለት ቁራጭ አወጣ፤ አንዱን በእሷ ቤንዚን፣ አንዱን በላይኛው ነክሮ ከሸሚዙ ጎን ሰቀላቸው። እሷ ቁጭ ብድግ ስትል አመሸች። እንቅልፍ ባይኗ ሳይዞር ነጋ።

በማግስቱ ረፋድ ሁሉም በታችኛው ማደያ ተሰበሰቡ፤ አዛዡ፣ ባለ ክራቫቱ፣ የቦቴው ሾፌር፣ ሚስቲቱ። ከበር ውጭ ባለታክሲዎች መኪናቸውን ደርድረው አንገታቸውን አስግገዋል። መርማሪው ሸሚዙንና ሁለቱን ጨርቅ ይዞ በመካከላቸው ይንጎራደዳል።

«አሳጥረው» አለ አዛዡ።

«ንጹሕ ቤንዚን ይተናል። ነጭ ጋዝ የተቀየጠበት ግን ቅባቱ ይቀራል። ይኸው፣ ይህ ጨርቅ የእትዬ ነው።» ለአዛዡ ሰጠው። «ያሽትቱት።»

«ደረቅ ነው። ምንም የለውም።»

«ይህ የላይኛው ነው።»

አዛዡ ጣቶቹን አፋተገ፤ ቅባት ያዘው። ከበር ውጭ ጉምጉምታ ተነሣ።

«ሸሚዙስ? ትናንት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ መታው፤ እስካሁን ያሙለጨልጫል። ሚዛን ከዚህ ጋን ሲቀዳ ፈሶበት ቢሆን ኖሮ እንደ መጀመሪያው ጨርቅ በደረቀ ነበር። ስለዚህ እዚህ አልረሰረሰም። ሌላ ቦታ ተገድሎ፣ ሰርቆ ሲቀዳ ሞተ እንዲባል በሌላ ቤንዚን ተነክሮ፣ እዚህ ተጣለ። እትዬ ገድላው ቢሆን የራሷ ጋን አጠገቧ ሳለ የጎረቤት ቤንዚን ገዝታ፣ ሬሳውን በገዛ ደጇ ታስተኛው ነበር?»

«እሱ ነዋ!» አለ የቦቴው ሾፌር፣ ባለ ክራቫቱን እያመለከተ። «ቀያጩ እሱ ነው! ሚዛን ነቃበት!»

ባለ ክራቫቱ ክራቫቱን ላላ አደረገ። «እኔ? እኔ እኮ ጋኑን ከፍቼ…»

«ከፍቶት አያውቅም» አለ መርማሪው። «ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። መፍቻ የለውም። ጋኑን መክፈት የማይችል ሰው ምን ውስጥ ይቀይጣል? የዚህን ማደያ ክዳንስ ያለ አንዲት ጭረት በምን ይከፍታል? ቤንዚኑ ላይኛው ጋን የገባው ተቀይጦ ነው። ከፊሉ በመንገድ ተሸጦ ጉድለቱ በነጭ ጋዝ ተሞልቷል። የሚያይ የለማ፤ በመስኮት እጅ የሚያነሣ ብቻ ነው ያለው። እዚህ ግን አልተደፈረም፤ እዚህ ችካል አለች።»

መርማሪው መንጎራደዱን አቆመ።

«ቤንዚኑ ‹እትዬ አይደለችም› ይላል። መፍቻው ‹ባለ ክራቫቱ አይደለም› ይላል። የተቀየጠ ቤንዚንም ሦስት ማዕዘን መፍቻም በእጁ ያለው አንድ ሰው ነው።»

የቦቴው ሾፌር ሊስቅ ሞከረ። «የእህቴን ባል? ያን ማታ ዓይኑንም አላየሁት!»

ያን ጊዜ ሚስቲቱ ተነሣች። ቀስ ብላ ነው የተነሣችው።

«አንተ ዘንድ ነው የሄደው» አለች። «‹የላይኛው ቤንዚን ነው ሞተሬን የበላው። የዚያችን ሴት ስም በከንቱ አጥፍቻለሁ፤ ነገ ጠዋት ለባለታክሲው ሁሉ እናገራለሁ። ግን ያመጣው ወንድምሽ ነውና ቀድሜ ለእሱ ልንገረው፣ ዘመድ ነው› ብሎኝ ወጣ። አልመጣም ስትለኝ አመንኩህ። ፖሊስ ሲጠይቀኝ ስለ አንተ ብዬ ዋሸሁ።»

«እህቴ፣ እንጀራዬን ሊዘጋብኝ…»

«ባሌን!» አለች። መሬት ላይ ዘፍ አለች።

ሾፌሩ ወደ በሩ አፈተለከ፤ ባለታክሲዎቹ ግን መንገዱን በመኪና ዘግተውት ነበር። አዛዡ ራሱ ያዘው፤ መፍቻውም ደሙ ሳይታጠብ ከቦቴው መቀመጫ ሥር ወጣ።

ሾፌሩ ከተወሰደ በኋላ አዛዡ የእሽጉን ሰም በቢላ ፈቀፈቀ። ይቅርታ መሰል ነገር አጉረመረመ። መርማሪው ግን መንገድ ጀምሯል፤ የሚያስቸኩለው ነገር ባይኖርም ይቸኩል ነበር።

የታክሲዎቹ ጥሩንባ ቀለጠ። ከዚያን ቀን በፊት እንዲህ ያለ ሰልፍ በታችኛው ማደያ ደጅ ተሰልፎ አያውቅም።

«እትዬ፣ ቅጂልን እንጂ!» አለ የፊተኛው። «ከእንግዲህ ከአንቺ ሌላ ወዴት እንሄዳለን?»

እትዬ ችካል መቅጃውን አነሣች። መልሳ ሰቀለችው።

«ዛሬ አልቀዳም።»

«ምነው? እሽጉ ተነሣልሽ አይደል?»

«ያን ሰው በሰው ፊት ውሻ ብዬዋለሁ። እሱ ደግሞ ስሜን ሊመልስልኝ ሲሄድ ነው የሞተው። ሳይቀበር ስሙን ይዤ ቤንዚን ልሸጥበት?» ወደ ሚስቲቱ ሄዳ ከመሬት አነሣቻት፣ ክንዷንም ያዘች። «ቤንዚን ያለው እየነዳ፣ ያለቀበት በእግሩ ይከተለን። ቀብር ነው።»

ሞተሮቹ አንድ ባንድ ጠፉ። ቤንዚን የነበራቸውም በእግራቸው ተከተሏት።