በሟቹ ስም የመጡ ደብዳቤዎች

ኢንስፔክተር ሂሩማ ወደ ኦጋታ ቤት የተጠራችው ሬሳ ልታይ አልነበረም። ሬሳው ተቃጥሎ አመዱ በነጭ ማሰሮ ከገባ ወር አልፎታል። የጠራት የሟቹ ታናሽ ወንድም የቴፔ ክስ ነው፤ «ወንድሜን የገደለችው ሚስቱ ናት» ይላል።

ሸክላ ሠሪው ኦጋታ ሹንሳኩ ዲሴምበር ሲገባ ተራራው ላይ ባለው የሸክላ መሥሪያው ውስጥ ብቻውን በር ዘግቶ ይሠራል፤ ስልክ የለ፣ ጠያቂ የለ። በሃያ ስምንተኛው ቀን ሃያ ዓመት አብሮት የሠራው ደቀ መዝሙሩ ኩጂ ለአዲስ ዓመት በዓል ሊያወርደው ሲወጣ፣ ከድንጋዩ ደረጃ ሥር ራሱ ከኋላው ተፈንክቶ አገኘው። ውርጩ ሬሳውን ስላደረቀው ሐኪሙ «ከሞተ ሦስት ቀንም ሊሆን ይችላል፣ ዐሥር ቀንም» ብሎ ፈረመ። የመንደሩ ፖሊስ ደግሞ «አንሸራቶት ነው» ብሎ ዶሴውን ዘጋ። ቴፔ ግን ለምን ይዝጋው? ወንድሙ ልጅ አልወለደም፤ ሚስቲቱ ገዳይ ከተባለች ቤቱም ተራራውም የሱ ነው።

እንደ አገሩ ልማድ ለሟቹ የአርባ ዘጠነኛ ቀን ጸሎት ቤተሰቡና መነኩሴው ተሰብስበዋል፤ ሂሩማ ስትገባ ገና ጫማዋን እንኳ አውልቃ አልጨረሰችም።

«ይቺ ናት!» አለ ቴፔ፣ በጣቱ የሟቹን ሚስት ናኤኮን እየጠቆመ። «ዲሴምበር ሃያ አንድ ተራራው ላይ ታይታለች። ትካድ እስቲ!»

«አልክድም» አለች ናኤኮ። «ምሳ ወሰድኩለት። ሥራ ላይ ሲሆን በር አይከፍትም፤ እንደ ልማዴ ደጃፉ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ።»

«ምሳው ሳይነካ ተገኘ! ገድለሽው ነበራ! አርባ ዓመት የወንድሜን እንጀራ በልተሽ!»

«ጋሽ ቴፔ፣ ይተዉ እንጂ» አለ ኩጂ በለሰለሰ ድምፅ፣ ሻይ እየቀዳ። «እትዬ ላይ እንዲህ አይባልም።»

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ባለቤቱ ማሰሮ ውስጥ ነው፤ አጥሩን ሁሉም ይነቀንቀዋል። ሂሩማ ግን ዓይኗ ያረፈው ጥግ ላይ በተቆለለው ፖስታ ላይ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«በስሙ የመጣ ነው» አለች ናኤኮ። «የውርሱን ጉዳይ የያዘልን ጠበቃ ሁሉንም ክፈቺ ብሎኛል፤ ባንኩም ጡረታውም የሚታወቀው ከዚያ ነው አለ። እኔ ግን በሕይወት እያለ ደብዳቤውን ከፍቼ አላውቅም። አሁን ሞተ ብዬ ልጀምር? ፖስተኛው እንዳመጣው ነው ያለው።»

«የምትደብቀው አላታ!»

«የሚደብቅ ሰው ያቃጥላል እንጂ አስሮ አያስቀምጥም፣ አቶ ቴፔ» አለች ሂሩማ ፊቷን ሳታዞር።

መጀመሪያ የፈታችው የአዲስ ዓመት ካርዶቹን እስር ነው። እስከ ዲሴምበር ሃያ አምስት ፖስታ ቤት የገባ ካርድ ተጠራቅሞ ጃንዋሪ አንድ ጠዋት ይታደላል፤ የሰውየው ሞት የተሰማው ደግሞ በሃያ ስምንት ነው። ላኪው ምን ያውቃል? ስለዚህ ስልሳ አራት ሰው ለሟች እንኳን አደረሰህ ብሏል። የቴፔም ካርድ እዚያው ውስጥ ነበር። ሂሩማ የላኪዎቹን ስም አንድ በአንድ አንብባ መልሳ አሰረችውና ኩጂን ወደ በረንዳው ጠራችው።

«ከዐሥራ ስምንት ጀምሮ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ካርድ ስጽፍ። መቶ ሃያ ካርድ በብሩሽ መጻፍ ቀልድ ነው እንዴ? ሃያ ሁለት ቀን ራሴ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ አስረከብኩ፤ ሠራተኛዋን ይጠይቋት።»

«ለሹንሳኩም ጽፈዋል?»

«ምን ማለትዎ ነው! ሃያ ዓመት ሙሉ የመጀመሪያው የመምህሬ ነው።»

ቀጥላ ቴፔን ያዘችው። «ኩጂ እንዴት ያለ ሰው ነው?»

«እሱማ ጨዋ ነው፤ ከዚች እባብ በምን ይገናኛል?»

«ለእርስዎም ካርድ ይልካል?»

«ዓመት አጓድሎ አያውቅም፤ እኔ ያለሁት ሌላ ከተማ፣ እሱ አይረሳኝም። ዘንድሮ ብቻ ነው የቀረው። ኀዘንተኛ ቤት የደስታ ካርድ አይላክም፤ ይሄን የማያውቅ ሰው አለ?»

ሂሩማ ፖስታ ቤት ደውላ ማን በስንት ቀን ካርድ እንዳስረከበ ጠየቀች። ከዚያ ሁለት ጎረቤት አንኳኩታ ካርድ አሳዩኝ አለች። ስትመለስ ከክምሩ አንድ ወፍራም ፖስታ መዛ ለናኤኮ ሰጠቻት። የዋናው ከተማ የሸክላ ነጋዴ ማኅተም አለበት።

«ወራሽ ነዎት። እርስዎ ካልከፈቱት ማን ይክፈተው?»

ናኤኮ ቀደደችው። አነበበችና መለሰችላት።

ሁሉም በማሰሮው ፊት ሲቀመጡ ሂሩማ ቆማ ጀመረች።

«ሹንሳኩ ከመሞቱ በፊት ለዚህ ነጋዴ ጽፎ ነበር። መልሱ የመጣው በጃንዋሪ ነው። ‹የጠየቁን ዐሥራ ሁለት ጎድጓዳ ሳሕኖች የእርስዎ ማኅተም ታትሞባቸው መጥተዋል፤ ያመጣቸው ደቀ መዝሙርዎ ኩጂ ነው› ይላል።»

«መምህሬ ራሱ ልኮኝ ነው!» አለ ኩጂ።

«እሱ ከላከህ ለምን ይጠይቃል?» አለች ሂሩማ፤ አንቱታው በዚያች ቀረ። «እሺ፣ እሱን እንተወው። በሃያ ሁለት ያስረከብከው ካርድ ለሁለቱ ጎረቤቶች ጃንዋሪ አንድ ደርሷል፤ በዓይኔ አየሁት። እዚህ እስር ውስጥ ግን ያንተ የለም።»

«ፖስታ ቤት ጠፍቶ ይሆናላ!»

«አንድ ካርድ ይጠፋል። የአቶ ቴፔስ? በሌላ ከተማ፣ በሌላ ፖስተኛ? ከመቶ ሃያ ካርድ ቀርተው ያገኘኋቸው የሟቹና የወንድሙ ብቻ ናቸው። በሹንሳኩ ሞት ኀዘን የሚቀመጡት ሁለቱ ቤቶች! በሃያ ሁለት ቀን ይሄን ማን ያውቅ ነበር? አቶ ቴፔ አያውቁም፤ ካርዳቸው ይኸው። ወይዘሮ ናኤኮም በሃያ አራት ቀን በባልና ሚስት ስም ለመንደሩ ሁሉ ልከዋል፤ ኀዘንተኛ ካርድ አይልክም። በሃያ አንድ ምሳው ያልተነሣውም የሚያነሣው ሰው ቀድሞ ስለሞተ ነው። ሞቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ ጨዋ ነው።»

አመል ያወጣል ከመሐል። ኩጂ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠ።

«ልጽፍ ተቀምጬ ነበር» አለ። «ሁለት ካርድ አበላሸሁ። የሞተ ሰው ቤት እንኳን አደረሳችሁ ማለት ነውር ነው፤ እጄ እምቢ አለኝ።»

«መግደሉስ ነውር አልነበረም?»

ያ የለሰለሰ ድምፁ ጠፋ። «ሃያ ዓመት ጭቃውን የረገጥኩት እኔ! ሳሕኖቹን የሠራሁት እኔ! ማኅተም ብቻ ነው የሱ! ‹ሌባ› አለኝ፤ ደረጃው ላይ ቆሞ፣ ሌባ!» ወደ ናኤኮ ዞረ። «አንቺም ብትሆኚ አንድ ቀን እጄን አይተሽ ታውቂያለሽ? ሻይ ቅዳ፣ እንጨት ፍለጥ!»

ናኤኮ ፊቷን ወደ ማሰሮው አዞረች። ሂሩማ ያስከተለቻቸው ፖሊሶች ኩጂን ይዘውት ሲወጡ ቴፔ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ፣ እትዬ... ሰው ነው የሚሳሳተው። የቤቱን ነገር በኋላ ቁጭ ብለን በዘመድ ወግ...»

«ቴፔ» አለች ናኤኮ። «አርባ ዘጠኝ ቀን በሰው ፊት ገዳይ ስትለኝ ከረምክ። ገበያው ላይ ፊታቸውን አዞሩብኝ። ባሌን በቅጡ አላለቀስኩትም፤ ባለቅስ ታስመስላለች፣ ባላለቅስ ደስ ብሏታል ትላላችሁ።»

«ይቅር በይኝ ብያለሁ እኮ።»

«አላልክም።»

ቴፔ ሂሩማን አየ፤ መነኩሴውን አየ። ግንባሩ ምንጣፉን እስኪነካ ጎንበስ ብሎ ይቅርታውን በቃሉ አለው፤ ሁሉም ሰማ።

«ሰማሁ። አሁን ከቤቴ ውጣ» አለች ናኤኮ። በሩ እስኪዘጋ ጠብቃ፣ ማሰሮው ላይ ተደፍታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።